የኮሪ ቁመት

ሃሚልተን፣ ኦክቶበር 23 ቀን 1984

ውድ እህቴ ዳርያ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየበረዶ ሜዳው እንጨት ወንበር ላይ አስቀምጬው ስለኖርኩ በወገቤም አልፈርድም።

ለጥያቄሽ መልስ መስጠት የነበረብኝ ከዚህ ቀደም ነበር። ለእናታችን አርባ ለምን እንደቀረሁ ሰው ነግሮሽ ከሆነ፣ የነገረሽ ውሸት አይደለም። ያን ቅዳሜ ኪንግስተን ሆኪ እያየሁ ነበር። አለቃዬ ባርክሌይ "ትሄዳለህ" አላለኝም፤ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር፣ እጣላው ነበር። የጨዋታውን ትኬት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ወጣ። እኔም ሄድኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

አሁን የምጽፍልሽ ግን ስለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዚህም አፍራለሁ። የሃልበርን ቡድን ከሩቅ ከመጡት ተጫዋቾቹ ሁለቱን አንቺ ዘንድ እንዳሳደረ ሰማሁ። ደግ አድርገሻል። ባልሽ ስቴፋን ካረፈ ወዲህ ያ ቤት የሰው ድምፅ ናፍቆት ነበር። ከሁለቱ አጭሩ፣ ኮሪ ሌስክ፣ እንቅልፍ ነስቶኛል። ያቺ ጠፍጣፋ ጎማ፣ ፓኳ፣ ዱላው ጫፍ ላይ ስታርፍ ተከላካዮቹ ሥራቸውን ረስተው ያዩታል። ቁመቱ ግን ከትላልቆቹ ጋር ለመጫወት ከሚያስፈልገው በታች ነው። ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ስለሆነ ያድግ ይሆናል። እኛ የተጫዋች መልማዮች እንዲህ ያለ ልጅ ስናገኝ ዞር ብለን የምናየው ወላጆቹን ነው። አባቱን አየሁት፣ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ። በር ላይ ቢቆም ብርሃን የሚከለክል ሰው ነው። ልጁ ግማሹን ቢወርስ ማንም አይችለውም።

ልብሳቸውን የምታጥቢው አንቺ ነሽ። ሱሪው አጥሮታል? ጫፉን ፈትተሽ አስረዝመሽለት ታውቂያለሽ? ጫማውስ ይጠበዋል? ቀልድ እንዳይመስልሽ። በጁን ክለቦቹ ወጣቶችን ተራ በተራ ሲመርጡ፣ የእኛን የመጀመሪያ ምርጫ ባርክሌይ በእኔ ቃል ላይ ጥሎታል። ይደርሳሉ ብዬ ያስመረጥኳቸው ሁለት ልጆች ከንቱ ቀርተውብኛል። ሦስተኛ ዕድል አይሰጡኝም።

ወንድምሽ ኦረስት


ሃልበርን፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1984

ውድ ወንድሜ ኦረስት፣

እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የእናታችን አርባ በሰላም ዋለ። ቄሱ ከዮርክተን መጡ፣ ስንዴውን በማር ቀቀልነው፣ ሰው ስለበዛም ከጎረቤት ሳህን ተዋስኩ። "ኦረስትስ?" ላለኝ ሁሉ "በረዶ መንገድ ዘግቶበት" አልኩ። ያን ቀን አንዲት የበረዶ ብናኝ አልወረደችም። ሰዉም ሰማዩን ቀና ብሎ እያየ "እንግዲህ መንገድ ነው" ይለኝ ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኛል፤ ገና አልደረስኩበትም።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ተከላካዩ ግሌን ፍሪሰን የገበሬ ልጅ ነው። ሳልጠይቀው የደጁን በረዶ ይጠርጋል፣ የበላበትን ያጥባል፣ "አመሰግናለሁ ሚስስ ኮቫል" ይላል፣ በቃ። ከዚያ ወዲያ ለሳምንቱ የሚሆን ቃል የለውም። ኮሪ ደግሞ ቤቱን ሲያናጋው ይውላል። በመጣ ማግስት ድንች ሞልቼ የሠራሁትን ፒሮሂ አገላብጦ አየና "ይሄ የሚበላ ነው ወይስ የሚወረወር?" አለኝ።

"የተናጋሪ አፍ መዝጊያ ነው" አልኩት።

"እንግዲያው ጨምሪልኝ፣ የእኔ ቶሎ አይዘጋም።" ከዚያን ቀን ጀምሮ እማማ ዳርያ ይለኛል።

ስለ ሱሪው ጠይቀኸኛል። ኦረስት፣ እነዚህን ልጆች እናቶቻቸው አምነው ነው የሰጡኝ። የቆሸሸ ልብሳቸውን የሚያቀብሉኝ እንዳጥበው እንጂ እንድመረምረው አይደለም። የተጫዋች አሳዳሪ በቤቷ ያየችውን ለመልማይ አትናገርም፤ በዚህ ከተማ ይህንን ያፈረሰ ሰው አላውቅም። የአባታችንን ፈረሶች ሊገዛ የሚመጣው ሰውዬ እንኳ ጥርሳቸውን የሚያየው ባለቤቱ ፊት ነበር። ልጁ በደንብ ይበላል፣ በደንብ ይተኛል። ይህንን ለማንም እናገራለሁ።

ለወገብህ ሙቅ ጨርቅ አድርግበት።

እህትህ ዳርያ


ሳድበሪ፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 1985

ውድ እህቴ ዳርያ፣

ልክ ልኬን ነገርሽኝ፤ ይገባኛል። በገና ካርድሽ ጀርባ ላይ "ግሌንን ለምን አታየውም?" ብለሽ ለጻፍሽው ጥያቄ ግን መልስ አለኝ።

አንድ ልጅ ሳይ ሁለት ሰው ነው የማየው። አንደኛው፣ ነገር ሁሉ ከቀናው የሚሆነው ሰው ነው። ሁለተኛው፣ አብዛኞቹ ልጆች እንደሚሆኑት ከሆነ የሚሆነው ሰው ነው። የግሌን ሁለቱ ሰዎች አንድ ናቸው። የሚመጣ ሕይወቱን ዛሬ ጽፌ ልሰጥሽ እችላለሁ። ሰባት ስምንት ዓመት ከተከላካዮቹ መጨረሻ ላይ ይሰለፋል፣ ከክለቡ ሰፈር ውጭ ስሙን የሚያውቅ አይኖርም፣ ከዚያ የታመመ ጉልበቱን ይዞ አባቱ እርሻ ይገባል። እሱን የመረጠ አይሳሳትም፤ አይመሰገንምም። የኮሪ ሁለቱ ሰዎች ግን ጨርሶ አይተዋወቁም። አንደኛው ሲነሳ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ አብሮት ይነሳል። ሁለተኛው በሁለት ዓመት ውስጥ የትራክተር መለዋወጫ እየሸጠ ነው። የሚለያያቸው ቁመት ብቻ ነው ብዬ ስጨነቅ ከረምኩ።

እና ባለፈው ሳምንት ምን ቢደርሰኝ ጥሩ ነው? ሊጉ ልጆቹን ሁሉ ለክቶ ለክለቦች የሚያድለው የቁመት ልኬት! ኮሪ ከመጸው ወዲህ ከአንድ ኢንች በላይ አድጓል። አድጓል ዳርያ! ሱሪውን ብትደብቂኝም መለኪያው ነገረኝ።

ስብሰባ ላይ ቆሜ "የእኔ ሰው እሱ ነው፤ ከተሳሳትኩ ወንበሬን ውሰዱት" አልኩ።

ባርክሌይ "ግሌንን ያዝና ተኝተህ እደር እንጂ፣ አንተ ሽማግሌ" አለኝ።

"የአባቱን ትከሻ ብታየው እንዲህ አትልም" አልኩት። ሳቁብኝ፤ ግን ተቀበሉኝ። እናታችን ካረፈች ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወንድምሽ ኦረስት


ሃልበርን፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1985

ውድ ወንድሜ ኦረስት፣

ደብዳቤህን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። አልናገርም ያልኩህን ልናገር ነው። ወንበርህን ያስያዝክበት ኢንች የኮሪ አይደለም፤ የእኔ ፍራሽ ነው።

ሰው ቆሞ ሲውል አከርካሪው እየተጫነ ያጥራል፣ ተኝቶ ሲያድር ይዘረጋል ይላሉ። ልጆቹ ሁሉ ይህንን ያውቃሉ፣ በየቤቱም ያደርጉታል። ልኬቱ ጠዋት ስለነበር ኮሪ ከዋዜማው ጀምሮ እግሩን መሬት አላስነካም። ሲነጋ ከምድር ቤት ተጣራ፦ "እማማ ዳርያ፣ ዛሬ ሬሳ ነኝ፤ ተሸክማችሁ ውሰዱኝ!"

"ሬሳ ቁርስ አይበላም" አልኩት።

"እኔ ሆዳም ሬሳ ነኝ።" በተኛበት በማንኪያ አጎረስኩት። ከዚያ ከነፍራሹ ደረጃውን አወጣነው፣ እኔ በራስጌ፣ ግሌን በግርጌ፤ መኪናው ኋላ አጋደምነው። ሜዳው ጋ ስንደርስ ግሌን እንደ ሳንቃ ብብቱ ሥር ይዞት ገባ። ካልሲው ውስጥ ደግሞ ካርቶን ነበር። ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። የልጅ ጨዋታ መስሎኝ ነበር እንጂ አንተ ስብሰባ ላይ የምትቆምበት ነገር ነው ብዬ አላሰብኩም።

ትከሻውን ያየህለት ሰውዬም በርት ይባላል፤ እንጀራ አባቱ ነው። ወላጅ አባቱ ልጁ ሳያውቀው የሞተ የማዕድን ሠራተኛ ነበር። የእሱንና የእናቱን የሠርግ ፎቶ ኮሪ አሳይቶኛል። ሙሽሪት ተረከዝ የሌለው ጫማ አድርጋ፣ አንገቷንም ሰበር አድርጋ፣ ያም ሆኖ በቁመት ትበልጠዋለች። ሱሪውን ደግሞ ከመጣ ጀምሮ ጫፉን ነክቼው አላውቅም።

አሁን ስለ ግሌን። ኮሪ ካላደገ የእናንተን ቦታ እሱ እንደሚያገኝ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እሱም ያውቃል። ፍራሹን በግርጌ የያዘው እሱ ነው። ደረጃው መሃል ላይ "አይከብድህም?" አልኩት። "የትኛው?" አለኝ። እስቲ ዛሬ ልትጽፍልኝ በምትችለው የግሌን ሕይወት ውስጥ ይሄ አለበት?

ስለ እሱ የጻፍከውን ሳነብ ሌላም ነገር ትዝ አለኝና ቆሽቴ አረረ። አባታችን አንተን በባቡር ወደ ሆኪው ሲልክህ መምህርቴ ስለ እኔ ልትለምነው ቤታችን መጥታ ነበር። ሬጂና ሄዳ ትማር፣ አስተማሪ ይወጣታል ብላ። "ኦረስት ምን እንደሚሆን ስለማይታወቅ ይሞክር" አላት። "ዳርያ ግን የታወቀች ናት።" ብዙ ዘመን ምስጋና መስሎኝ ኖርኩ።

እንደምጽፍልህ ለኮሪ ነግሬዋለሁ፤ ከጀርባው አልጽፍም። "እሺ" ብሎኝ ወረደ፤ እራቱንም አልበላም። አንጀቴን በላው። ግን ወስዳችሁት ቁመቱን እንደ ዝናብ ስትጠብቁ ከርማችሁ፣ አልመጣ ሲላችሁ በሃያ ዓመቱ እንድትጥሉት አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ሌላ ኢንች እንደማይጨምር አውቀህ፣ አሁን ባለበት ቁመት መጥተህ እየው። ከዚያ ያየኸውን ሳትሸፋፍን እውነቱን ጻፍልኝ።

እህትህ ዳርያ


ሃሚልተን፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1985

ዳርያ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዛሬ ብጽፍ የሚቆጨኝን ነው የምጽፈው። ካርቶን! ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ስመዝን ኖሬ ካልሲ ውስጥ ባለ ካርቶን ተሸወድኩ።

ኦረስት


ዊኒፔግ፣ ማርች 24 ቀን 1985

ውድ እህቴ ዳርያ፣

ስለዚያ ብጣሽ ወረቀት ይቅርታ አድርጊልኝ። ሌላም ይቅርታ የሚያስፈልገኝ ነገር አለ። ሃልበርን መጥቼ ነበር። የወጥ ቤትሽ መብራት እየታየኝ ሳልገባ ተመለስኩ። ብገባ ከልጁ ጋር አንድ ገበታ ልቀርብ ነው፤ አብሬው ከበላሁ ደግሞ ልፈርድበት አልችልም። መቃብሩ ጋ ግን ሄጃለሁ። በረዶው ሁሉንም ውጦት የሰው ድንጋይ ስጠርግ ቆየሁ፣ በመጨረሻ እናታችንን አገኘኋት። ባርኔጣዬን አውልቄ ጆሮዬ እስኪደነዝዝ ቆምኩ።

ሳትሸፋፍን ጻፍልኝ ብለሻል። እሺ።

እስከዚያ ቀን ኮሪን አይቼው አላውቅም። የማየው ወደፊት የሚሆነውን የሃያ ሁለት ዓመት ረጅም ሰውዬ ነበር። ያንን ሰውዬ አውጥቼ ጣልኩትና ልጁ ብቻ ቀረ። እጁ አሁንም ያስደንቃል፤ ያን ለመካድ አልችልም። ግን ፓኳ ወደ ጥግ፣ አጥሩ ሥር ስትገባ ተመለከትኩት። ከተቀናቃኙ ጋር እኩል ይነሳል፣ ሊደርስ ሲል ትንሽ ይዘገያል። ሌላው ቀድሞ እንዲነካት፣ ግጭቱንም ሌላው እንዲቀበል ነው። መጀመሪያ ድንገት መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ከወንበሬ ተነስቼ ጥጉ ላይ ሜዳውን ከከበበው መስተዋት ኋላ ቆምኩና ሲመጣ ፊቱን አየሁት። ይፈራል ዳርያ። አልሰድበውም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከሚበልጡት ጋር ሲላተም የኖረ ልጅ ቢፈራ ምን ይገርማል? ግን ይሄ በቁመት የሚድን አይደለም። ሁለት ሜትር ቢሆንም እዚያ ጥግ ላይ ይዘገያል። ስመኘው የኖርኩት ሰው የለም፤ አይመጣምም።

ለባርክሌይ ልኬቱ ስህተት እንደሆነ፣ ሰውዬውም እንጀራ አባቱ እንደሆነ ነገርኩት። ከዚያ አላለፍኩም። ጥጉ ላይ ያየሁትን ብናገር በሌሎቹ ክለቦች ጆሮ ይገባል፤ "ይፈራል" የተባለ ልጅ ደግሞ በዚህ ሥራ ውስጥ ሁለተኛ አይታይም። አንቺ ስለጠየቅሽኝ ብቻ ነው የጻፍኩልሽ፤ ካንቺ እንዳይወጣ።

ወንበሬን ለጊዜው አልነኩብኝም። በኮሪ ፈንታ ግሌንን አቅርቤያለሁ። "ምን አዲስ ነገር አየህበት?" ሲለኝ "ከባድ ነገር ይሸከማል" አልኩት። ባርክሌይ ስለ ጡንቻው የማወራ መሰለው፤ ደስ አለው።

ስለ አባታችንና ስለ መምህርቷ ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ባቡሩ ሲነሳ እጅሽን ስታውለበልቢ ነው ያየሁሽ፤ ደስ ያለሽ ነበር የመሰለኝ።

ወንድምሽ ኦረስት


ሃልበርን፣ ጁን 18 ቀን 1985

ውድ ወንድሜ ኦረስት፣

እንደምን አለህ? ዝናብ ቀንቶናል፤ ስንዴው አምሮበታል። መቃብሩ ጋ መሄድህን ሳነብ አለቀስኩ። ሌላ ጊዜ ስትመጣ ግን መብራት አይተህ አትመለስ።

የምርጫው ቀን እንዴት ዋለ ብለኸኛል። ልጆቹን ገና በጠዋት ወጥ ቤት ስልኩ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የማይበላ ምግብ ሳበስል ዋልኩ። ስልኩ ሲጮህ ሁለቱም አልተነሱም፤ እኔ አነሳሁት። ባርክሌይ ነው፤ ግሌንን አገናኚኝ አለኝ። ግሌን ቆሞ "እሺ ጌታዬ፣ አመሰግናለሁ ጌታዬ" ሲል ቆየና ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ወደ ኮሪ ዞረ።

ኮሪ ተነስቶ አንገቱን አቀፈው። "አንተ ግንድ፣ ፈገግ በል እንጂ! ሰው ሞተ እንዴ?"

ግሌን ጭራሽ ማልቀስ ጀመረ። ያን ትልቅ ልጅ ሲያለቅስ ሳይ የምገባበት ጠፋኝ፤ ሾርባውን ሳማስል ቆየሁ።

ከሰዓት ስልኩ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ፤ ሦስታችንም ዘለልን። ጎረቤቴ ናት፣ "ዶሮዬ እናንተ ግቢ ገብታ ይሆን?" ብላ። ኮሪ ተነስቶ ዶሮዋን ፈልጎ አመጣላት። ሲመሽ አሰልጣኙ ደውሎ ምርጫው ማለቁን ነገረን። የኮሪን ስም የጠራ ክለብ አልነበረም።

ግሌን ለአባቱ ሊነግር ሄደ፤ ኮሪ ሳህን ላድርቅልሽ ብሎ ከእኔ ጋር ቀረ። ጀርባውን ሰጥቶኝ አንዱን ሳህን ደጋግሞ ሲወለውል ቆየ።

"እማማ ዳርያ፣ ወንድምሽ በማርች መጥቶ እንዳየኝ አሰልጣኙ ነግሮኛል። ጥጉ ላይ ቆሞ ነበር አሉ።"

"አዎ፣ መጥቶ ነበር።"

"ያልወሰደኝ በቁመቴ ነው፣ አይደል?"

ኦረስት፣ በፌብሩዋሪ እውነት ካልነገርኩ ብዬ ያንን ልጅ እራት ያስከለከልኩት እኔ ነኝ። አንተንም ሳትሸፋፍን ጻፍልኝ ያልኩህ እኔ ነኝ። የጻፍከው ሁሉ ቃል በቃል አፌ ላይ ነበር።

"አዎ ልጄ" አልኩት፤ "በቁመትህ ነው። ሌላ ምንም አላገኘብህም።"

ሳህኑን አስቀምጦ ትከሻው እስኪወርድ ድረስ ተነፈሰ። ሲዞር ፊቱ በርቶ ነበር።

"ተመስገን" አለኝ፤ "ሌላ ነገር ያየብኝ መስሎኝ ነበር።"

እህትህ ዳርያ